ነጩን ሳያልፍ የዞረው አውሮፕላን

ማክሰኞ

«ይድረስ ለውድ እናቴ ለወይዘሮ አስካለ፣ ለአክስቴ ለእቴቴ ብርቄ፣ ለታናሽ ወንድሜ ለጌታሁን፣ እንዲሁም ለጎረቤታችን ለእማማ ጥሩነሽ፤ ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነኝ...»

እስከዚህ ጽፌ አቆምኩ። ደኅና አይደለሁም። ትናንት የእማማ ጥሩነሽ ልጅ የደምሴ አርባ ስለ ነበር፣ ለእርሳቸው የምለው ቸግሮኝ ነበር። ዛሬ ደግሞ ለማንም የማልጽፈው ነገር አየሁ። እዚህ ደብተር ላይ ይቀመጥ።

በዚህ በሰው አገር ሥራዬ የአውሮፕላን መንደርደሪያውን ጠርዝ ድንጋዮች ኖራ መቀባት ነው። ስለዚህ የሚነሣውን አውሮፕላን ሁሉ አያለሁ። ሁሉም ደረቁን ወንዝ ይሻገራል፤ ወደፊት ሄዶ፣ ከጉብታው ላይ ያሉትን ሁለት ነጭ በርሜሎች ሲያልፍ ወደ ግራ ይዞራል። ከዚያ በፊት አይዞርም፤ በግራ በኩል ኮረብታ አለ። የዛሬው ግን ወንዙን እንደ ተሻገረ ዞረ። ሆዱ የኮረብታውን ቁጥቋጦ ሊነካ ምንም አልቀረውም።

ፓይለቱ ከመጣ ሳምንት ያልሞላው የውጭ አገር ሰው ነው። እሑድ እኅቴን ዘነበችን ወደ አዲስ አበባ የሚወስዳት እርሱ ነው።

ረቡዕ

ለኢስማኢል ነገርኩት። ኢስማኢል የዚህ አገር ሰው ነው፤ ከመቆጣጠሪያው ማማ፣ ከታወሩ፣ አውሮፕላኖቹን በሬዲዮ ያነጋግራል። የአገሩን የጦርነት ዓመታት በእኛ አገር በስደተኛ ሰፈር ስላሳለፈ አማርኛውን እንደ እኔ ይናገራል።

«ወሪያ፣ አንተ ታደለ! አራተኛ ክፍል ጨርሰህ ፓይለት ልትፈትን ነው?» ብሎ ሳቀብኝ።

ሆኖም ለፓይለቶች የሚሰጠውን የመመሪያ ወረቀት አውጥቶ ከእንግሊዝኛው ተረጐመልኝ፦ ከነጩ ምልክት ሳታልፍ አትዙር። በቃ። ይህን ያህል ቀላል ነገር የሚሳሳት ሰው አለ?

የምጠረጥረውንም ነገርኩት፦ ጫት ቅሞ ሳይተኛ ይነሣል። ወይም ጭነቱ ከተፈቀደው በላይ ነው። ወይም መንገድ አሳጥሮ ነዳጁን ይሸጣል። ዛሬ ከመኪና ሲወርድ ዓይኑን አየሁት፤ ቀልቷል። አቧራ ይሆናል። አይመስለኝም።

ሐሙስ

ደገመው! እዚያው ቦታ፣ ያንኑ ያህል ዝቅ ብሎ። በዚህ ጊዜ ኢስማኢልም አይቶታል።

ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ሲያርፍ ኢስማኢል ጠየቀው። እኔ ከታወሩ ሥር ቆሜ ጠበቅኩ።

«ነጩን አልፌ ነው የዞርኩት ይላል» አለኝ።

«ይዋሻል» አልኩ።

«እርሱም ይምላል፣ አንተም ትምላለህ። እኔ ማንን ልመን?» አለ። ከዚያም «በርሜሎቹን የነካ ሰው አለ?» ብሎ እጄን አየ። እጄ ሁልጊዜ ነጭ ነው። ለምን አየው?

ሲመሽ ዘነበች ወደምትሠራበት ቤት፣ ወደ ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ሄድኩ። በበሩ ላይ ቆመን «እታለም፣ በዚህ ሰው አውሮፕላን አትሂጂ» አልኳት።

«እናታችን አልጋ ይዛለች፤ አንተ የአውሮፕላን መዞሪያ ትቆጥራለህ! ከፈራህ ጸልይልኝ። ደብዳቤህን ጨርሰህ አምጣ» ብላኝ ገባች።

ዓርብ

ጁምዓ ስለሆነ ሥራ የለም። በርሜሎቹን ማን እንዳንቀሳቀሰ ለማየት በእግሬ ሄድኩ። ኢስማኢል ጠርጥሮኛል፤ እኔ ደግሞ ፓይለቱንም ኢስማኢልንም ጠርጥሬአለሁ።

በርሜሎቹ በቦታቸው አሉ። ነገር ግን ነጭ አይደሉም። ዝገው፣ አቧራ ለብሰው፣ ከመሬቱ አይለዩም። ሌሎቹ አብራሪዎች የቆዩ ስለሆኑ ቦታውን በልማድ ያውቁት ኖሯል። አዲሱ ግን ያለው ወረቀቱ ብቻ ነው።

ዘወር ብዬ ወደ መንደርደሪያው ተመለከትኩ። ከወንዙ አጠገብ ዓይን የሚወጋ ነጭ ነገር አየሁ።

የደምሴ መቃብር ነው።

ደምሴ አብሮኝ የመጣ የመንደሬ ልጅ ነበር። ትኩሳት ሲገድለው የከተማው ሰዎች ከወንዙ ማዶ ቦታ ሰጡን። ሰኞ አርባው ሲሆን ፍትሐት የሚያደርግለት ቄስ የለ፣ ተዝካር የምናወጣበት አቅም የለ። ቀኑ እንዲሁ እንዳያልፍበት ብዬ፣ ከሥራ በተረፈው ኖራ የመቃብሩን ድንጋዮች ሁሉ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ቀባኋቸው። ከሩቅ እንዲታይ ፈልጌ ነበር። ታየ።

ሰውየው አልዋሸም፤ አልፎት የዞረው ነጭ ይህ ነው።

ቅዳሜ

ሌሊቱን ሁለት ሐሳብ ሆኜ አደርኩ። ብቻዬን ሄጄ ብሸፍነው ማንም አያውቅም፤ ነገር ግን ሐሰተኛ የተባለው ሌላ ሰው ነው። ጠዋት ለኢስማኢል ሁሉንም ነገርኩት።

«ታዲያ ከማክሰኞ ጀምሮ ሰውየውን ቃሚ፣ ሌባ ስታደርገው የሰነበትከው አንተ ነህ!» አለ። ያባርረኛል ብዬ ቆምኩ። እርሱ ግን «የእኔ በርሜል ዝጎ ያንተ መቃብር አበራ። ከዝናቡ ወዲህ አላስቀባሁትም» አለኝ።

አብረን ሄድን። አንዱን በርሜል እርሱ ቀባ፣ ሌላውን እኔ። ከመቃብሩ ስንደርስ ፈቀቅ ብሎ ቆመና «ስሙ ማን ነበር?» አለኝ። ነገርኩት። እኔ ቀይ አፈር በውኃ አቦክቼ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ለቀለቅኩ። ደምሴን ሁለተኛ የቀበርኩት መሰለኝ።

ስንመለስ «ሰኞ ለኃላፊው እናገራለሁ፤ የእኔንም ያንተንም። ሥራህን ግን ቃል አልገባልህም» አለ።

እሑድ

ደብዳቤውን ጨርሼ ለዘነበች ሰጠኋት። «አሁንስ ፓይለቱ ደኅና ሰው ሆነ?» ብላ ቀለደችብኝ። ምክንያቱን አልነገርኳትም። እርሷም ደብዳቤውን እንደማትከፍት አውቃለሁ።

ተነሣ። ወንዙን ተሻገረ። መቃብሩ ላይ ደረሰ። ክንፉ ያጋደለ መሰለኝ፤ አላጋደለም። ቀጥ ብሎ ሄደ፣ ሄደ፣ በርሜሎቹን አለፈና ዞረ። ካለሁበት መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ኢስማኢል ከታወሩ መስኮት እጁን አወጣልኝ።

የነገው ነገር አይታወቅም። ከደብዳቤው መጨረሻ የጻፍኩትን እንዳልረሳው እዚህ ገለበጥኩት፦

«እማማ ጥሩነሽ፣ የደምሴን መቃብር ለአርባው ኖራ ቀብቼው ነበር። በሰማይ የሚሄዱትን ስላሳሳተ በገዛ እጄ ጭቃ አለበስኩት። ከእንግዲህ ከሩቅ አይታይም። እንዲሁ ልተወው፣ ወይስ ሌላ ምልክት ላድርግለት? ቅር ብሎዎት እንደሆነም አይደብቁኝ። ጌታሁን ይጻፍልዎና መልስዎን ዘነበች ስትመለስ ይላኩልኝ።»