በሬ የማይዞርበት ማሳ

ለተከበሩ የቀጣናው አገሮች የሕዝብ ዕድገት ትንበያ ማዕከል ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ በቅድሚያ ከነመላው ቤተሰብዎ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎም የጸና እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ፣ ከጋፋት ዝቅ ባለው መንደር የምኖር ሙላቴ ወልደጊዮርጊስ የምባል ገበሬ ነኝ፤ በልጅነቴ የቆሎ ተማሪ ስለነበርኩ ደብዳቤ መጻፍ አይቸግረኝም። እኛ በትንበያዎ መሠረት እየበዛን ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

በቅርቡ ባለሙያዎችዎ ደብረ ታቦር ድረስ መጥተው በአዳራሽ ሰብስበውን፣ ከእኛ ደጋ ጀምሮ እስከ ጎረቤት አገሮች ድረስ ያለው ሕዝብ በልጆቻችን ዕድሜ እጥፍ እንደሚሆን በግድግዳው ላይ በመብራት አሳይተውናል። መስመሩ ወደ ላይ ሲወጣ አይቻለሁ። ወጣቱ የቀጣናው እምቅ ሀብት መሆኑንም ሰምቼ፣ እስከዛሬ ባለጸጋነቴን ሳላውቅ በመኖሬ አፍሬያለሁ። ከምስጋናዬ ጋር ጥቂት ቅሬታዎቼን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ሀብቱ የሚቀመጥበት ቦታ አልተነገረንም። የአያቴ ማሳ ለአባቴና ለወንድሞቹ ተከፈለ፤ የአባቴ ድርሻ ደግሞ ለእኔና ለወንድሞቼ። አምና ታናሹ ልጄ ይሻው ሊያገባ ስለነበር፣ የኔን ድርሻ ለእሱና ለታላቁ ለጌጡ ለማካፈል ሽማግሌዎች ገመድ ዘርግተው ዕጣ አወጡ። የእያንዳንዳቸው ድርሻ እንደ መቀነት ረጅምና ጠባብ ሆኖ ወጣ። እርስዎ እንደሚያውቁት፣ የጤፍ መሬት በቁመት ታርሶ በአግድም ካልተደገመ አይለሰልስም። በዚህ ማሳ ላይ ግን በአግድም የገባ ጥማድ ገና ሳይዞር የጎረቤት ገብስ ውስጥ ይገኛል።

ሁለተኛ፣ ይህንኑ በስብሰባው ላይ ብጠይቅ፣ ከባለሙያዎችዎ አንዱ ጥያቄው እጅግ ጥሩ መሆኑን ነግረውኝ ወደ ሻይ ዕረፍት አለፉ። በሻዩ ላይ ቅሬታ የለኝም።

ሦስተኛ፣ ይሻው ዕጣው በወጣ ማግሥት፣ «አባ፣ የኔም ለጌጡ ይሁን፤ እሱ እንኳ በሬ ማዞሪያ ይኑረው» አለኝና ልብሱን በፌስታል ይዞ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ተሻገረ። ከዚያ ወዲያ ወደየት እንዳለፈ አናውቅም፤ ድምፁንም አልሰማንም። የታጨችለት ልጅ ቤተሰቦች ጥቂት ጠብቀው ለሌላ ሰጧት፤ አልፈርድባቸውም። እናቱ ውብአለም መጀመሪያ ታለቅስ ነበር፣ አሁን ትታለች። እኔም ጠዋት በሬ እጠምዳለሁ፣ ማታ እፈታለሁ። ማዘን እንደሚገባኝ አውቃለሁ፤ ግን ደንዝዣለሁ፣ ሐዘኑ አይመጣልኝም። ማሳው ላይ አሁን በሬው እንደልቡ ይዞራል።

በሻዩ ሰዓት ይህን ለባለሙያዎ አጫውቻቸው ነበር። እሳቸውም፣ ቀጣናው በጠቅላላ ስለሚታይ ሰው ከአንዱ አገር ወደ ሌላው መሄዱ ድምሩን እንደማያጎድለው፣ አንዱ አገር ያጣውን ሌላው እንደሚያገኘው በትዕግሥት አስረዱኝ። ለዚህ ማጽናኛ ልዩ ምስጋና አለኝ፤ ለውብአለም ግን እስካሁን አልነገርኳትም።

መስመርዎ ከዚህም በላይ እንዲወጣ እየተመኘሁ፣ በማሳዬ ዳር ቆሜ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ከድምርዎ አንዱ፣
ሙላቴ ወልደጊዮርጊስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እናቱ ያለበትን አገር ጠይቅልኝ ስላለችኝ ነው እንጂ ሥራ ላስፈታዎት አልፈልግም። ይሻው በትንበያዎ ውስጥ በየትኛው አገር ስም ተቆጥሯል? ድምሩ ካልጎደለ ልጁ በሕይወት አለ ማለት ነውና፣ የአገሩን ስም ብቻ ቢጽፉልን ይበቃናል።