አንድ ፎቶ ጨምሪ

ረምላ፣

ፈቃድ ልትጠይቂልኝ ትምህርት ቤት እንደሄድሽ መኪናው መጣ። አባቴን ልንቀብር ወደ ሺንሺቾ መሄዴ ነው።

ቴሌስኮፑ ጓሮ ነው፤ ጤዛው ሳይደርቅ እንዳትሸፍኚው። መስታወቱን በጨርቅ እንዳትነኪብኝ፣ ይጫጫራል።

ማታ የስልክሽ መብራት የኔቡላውን ፎቶ አበላሸብኝ ብዬ ጮኼብሽ ነበር። ለካ ወንድሜ የጻፈልሽን እያነበብሽ ነበር።

መርዶ በሌሊት እንደማይነገር አውቃለሁ። ጠዋት የቤተክርስቲያን ሽማግሌዎች እስኪመጡ ዝም ማለትሽም ደንብ ነው። ግን «ሮዲ፣ አንድ ፎቶ ጨምሪ» እያልሽ እስኪነጋ ከጎኔ መቀመጥሽ...
ይቅር።

ፎቶዎቹ ላፕቶፑ ላይ ናቸው። ኔቡላው፣ ያ ቀይ የሰማይ ደመና፣ ጥርት ብሎ ወጥቶ ይሆናል። አልከፈትኩትም። እንባም እምቢ ብሎኛል።

ለቅሶ ስትመጪ ማታ ያለበስሽኝን ጋቢ ይዘሽልኝ ነይ።

ሮዳስ