የወጥ ቤቴን እሽግ ማን እንደቀደደው

ለክቡር አቶ ኃይለሚካኤል
የምግብ ቤቶች ንጽሕና ተቆጣጣሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
አማን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለመላ አካላትዎ፣ ከመላ አካላትዎም ለይቼ ለሆድዎ፣ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። እኔ ማናልሞሽ፣ ከስብሰባ አዳራሹ ፊት ለፊት ያለችው ምግብ ቤት ባለቤትና ዋና ወጥ ሠሪ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ደኅና የሆንኩትም በዚያ በሥልጠናው ቀን ምሳዬን ከእናንተ ጋር ስላልበላሁ ነው።

ኮሚቴዎ «በወጥ ቤትሽ በር ላይ የተለጠፈውን እሽግ ማን እንደቀደደው በአስቸኳይ አስረጂ» ብሎ ስለጠየቀኝ ከፍ ያለ ክብር ተሰምቶኛል። ነገሩን በዓይኑ ያየው ሰው ብዙ ስለሆነና ሁሉም የመሰለውን እየጨመረ ስለሚያወራው፣ ለክቡርነትዎ ለብቻዎ ከምጽፍ በአደባባይ ብጽፈው ይሻላል ብያለሁ። መልሴንም በምስጋና መልክ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ወጥ ቤት የሚገባ ሁሉ ነጭ ጋውን፣ ነጭ ቆብና የአፍ መሸፈኛ እንዲያደርግ ስላዘዙልን አመሰግናለሁ። ትእዛዙ ጥሩ ነበር፤ ይህን ስል አልቀለድኩም። ነገር ግን ረዳቴ አሞጽ ጋውኑን በለበሰ ማግሥት፣ አቶ ሳህሉ የሚባሉ ከሸዋ ቤንች የመጡ ገበሬ ጉንጫቸውን በጨርቅ አስረው ገቡና በሩ አጠገብ ተቀምጠው አፋቸውን በሰፊው ከፈቱ። አሞጽ ሽንኩርት ሲከትፍበት የነበረውን ቢላዋ እንደያዘ ሊታዘዛቸው ብቅ ቢል፣ ሰውዬው ከነወንበራቸው ወደ ኋላ እየሸሹ «ዶክተር፣ የታመመው አንዱ ጥርስ ብቻ ነው» አሉት። ሾርባ አጠጥተን ወደ እውነተኛው ሐኪም ሸኘናቸው። ከዚያ ወዲህ በገበያ ቀን ደም ግፊቱን ለመለካት የሚመጣ ሰው አላጣንም፤ አሞጽም «ጨው ይቀንሱ» እያለ ይመክራል።

ሁለተኛ፣ ወጥ ቤቴን ስላሸጉልኝ አመሰግናለሁ። እንደሚያስታውሱት፣ ኮሚቴዎ ከሚዛን፣ ከቴፒና ከማጂ ለመጡ ወጥ ሠሪዎች ስለ ምግብ ንጽሕና ሥልጠና ለመስጠት አዳራሹን ሲይዝ፣ የሠልጣኞቹን ምሳ ያዘዘው ከእኔ ዘንድ ነበር። በሥልጠናው ዕለት ጠዋት፣ ወጡ ምድጃ ላይ ሳለ፣ የኮሚቴዎ ተቆጣጣሪ አቶ ቲቶ መጡ። የሥጋውን መክተፊያ ከአትክልቱ መለየታችንን አይተው ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። ከዚያ ቧንቧውን ከፈቱት። በሰፈሩ ውኃ ከጠፋ ሰንብቶ ስለነበር ቧንቧው አፏጨ።

«ውኃ የለም» አሉ።

«አፍልተን በጀሪካን ያስቀመጥነው አለ፤ እጃችንንም የምንታጠበው ከዚህ ባለቧንቧ በርሜል ነው» አልኳቸው።

«መመሪያው የሚለው የመስመር ውኃ ነው። ከዚህ መስመር የሚወጣው አየር ነው» አሉ።

አሞጽ «አየሩስ ንጹሕ አይደለም?» ብሎ በቅንነት ጠየቀ፤ ይህም እንደ ተጨማሪ ጉድለት ተመዘገበብን። ውስጥ ያለው የእናንተው ምሳ ነው ብላቸው «ምሳ የሥልጠናው ክፍል ነው፤ እኔ ቁጥጥር ነኝ» አሉና በሩን ከነወጡ አሸጉት።

ሦስተኛ፣ በእኔ ፈንታ ከሚዛን ስላስመጡት ምግብ አቅራቢ አመሰግናለሁ። ይህ ሰው ተቆጣጣሪ ረግጦት ስለማያውቅ አንድም ጉድለት ያልተገኘበት ነው። ለብለብ ክትፎውን በመኪና አምጥቶ፣ መስኮቱን ዘግቶ፣ ፀሐይ ላይ አቆመው። ክቡርነትዎም በዚያው ሰዓት «የተሠራ ምግብ ሳይቆይ መበላት አለበት» በሚል ርእስ የመክፈቻ ንግግር ያደርጉ ነበር። ድምፅ ማጉያው እስከ እኔ በረንዳ ይሰማ ስለነበር፣ እኔና አሞጽ ከታሸገው በራችን ፊት ተቀምጠን ንግግሩን እስከ መጨረሻው አዳመጥነው። ማለቂያ ግን አልነበረውም።

አራተኛውን ምስጋና ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ከሰዓት በኋላ፣ ያ ክትፎ ከተበላ ወዲያ፣ ሠልጣኞቹ ሆዳቸውን ይዘው አንድ በአንድ፣ ቀጥሎ ሁለት ሁለት፣ በመጨረሻም በጅምላ ከአዳራሹ ወጡ። የአዳራሹ መጸዳጃ ውኃ እንደሌለው እርስዎ ያውቃሉ። እስከዚህ ድረስ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ እየሳቅን ነበር። ከቴፒ የመጣችው ፋና የምትባል ነፍሰ ጡር ሠልጣኝ ደጃፌ ላይ ስትወድቅ ግን ሳቁ ጠፋ። አሞጽ በጋውኑ ተሸክሞ ባጃጅ ውስጥ አስገብቷት ወደ ሆስፒታል ከነፉ። ሌሎቹ በረንዳዬን ሞልተው ውኃ ውኃ ይላሉ፤ የፈላው ውኃ፣ ስኳሩና ጨዉ ከእሽጉ ጀርባ ነው።

ያን ጊዜ ክቡርነትዎ ላብ አጥምቆዎት መጡ።

«ማናልሞሽ፣ እባክሽ ክፈችው» አሉኝ።

«እሽጉስ ጌታዬ?»

«የእኔ እሽግ አይደለም እንዴ?» አሉ፤ ቀደዱትም።

ስለዚህ ለጥያቄዎ መልሱ ይህ ነው፦ እሽጉን የቀደደው የክቡርነትዎ ቀኝ እጅ ነው። ግራ እጅዎ ሆድዎን ይዞ ስለነበር አላየሁም ቢል አልፈርድበትም። እስኪመሽ ድረስ ስኳርና ጨው እየበጠበጥን ሁላችሁንም አጠጣን፤ አቶ ቲቶም ውኃው ከመስመር ይሁን ከጀሪካን ሳይጠይቁ ደጋግመው ጠጡ። ፋና በማግሥቱ ድና ስትወጣ ልትሰናበተኝ መጣች፤ ስለ ፅንሱ ብጠይቃት «እየተራገጠ ነው» ብላ ሆዷን አስነካችኝ። እኔም አለቀስኩ፤ ይህን የምናገረው ያለ ሽሙጥ ነው። በሳምንቱ የወጥ ቤቴ በር እንደገና ታሸገ፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው እሽግ ተቀዷል። ሠራተኞቼ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ቀኝ እጅዎ አንድ ቀን ብቻ ደግሞ ብቅ እንዲልልን በትሕትና እለምናለሁ።

የመመሪያዎ አክባሪ፣ የንግግርዎ አድማጭ፣ የሆድዎም አስታማሚ፣

ማናልሞሽ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ለሠልጣኞቹ የሰጣችሁት የምስክር ወረቀት «ሥልጠናውን በንድፈ ሐሳብና በተግባር አጠናቀዋል» ይላል አሉኝ። የንድፈ ሐሳቡን እናንተ ታውቃላችሁ። ስለ ተግባሩ ግን፣ ካስፈለገ፣ እኔ ልፈርምላቸው እችላለሁ።