ስምሽ ከመዝገብ እንዳይወጣ

ይድረስ ለልጄ፣ ለብቸኛዋ፤

ካለሽበት ድረስ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ለጤናሽ እንዴት ነሽ? እጅሽ ላይ የነበረው ቃጠሎ ሻረልሽ ወይ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? ያቺ ፀሐይ በወጣች ቁጥር በደጅሽ የምታልፈው ብዙ እግር ያላት ጎረቤትሽስ ደኅና ናት? ሰላምታ ባትመልስልሽም አንቺ አትተዪ። ሰው ባትሆንም፣ በደጅ የሚያልፍ ነገር መኖሩ ራሱ አንድ ነገር ነው።

እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴን ትንሽ አሞኝ ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር። እኔ ጉልበቴን እያልኩት እሱ ሆዴን ሲጫን ዋለ። የዛሬ ሐኪም እንዲህ ነው።

ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። መልእክታችንን ወደ እናንተ የምትልከው፣ የጠፈር መርከባችሁን በላከው ቢሮ የምትሠራው ልጅ፣ አባባ እዚህ መሣሪያ ላይ ይናገሩ፣ ድምፅዎ ይሄድላታል አለችኝ። አምስት ሰው ከቦ እያየኝ ከልጄ ጋር አላወራም አልኳት። ስለዚህ ወረቀቱን ፎቶ አንስታ ትልከዋለች። የሚፈቀደው አንድ ወረቀት ብቻ ስለሆነ ፊደሌን አጥብቤ ነው የምጽፈው። አራተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ጽሕፈት ነው፣ ታገሺኝ።

የመጨረሻው መልእክትሽ ከደረሰን ሰባት ወር ሆነው። ኪሴ ውስጥ ይዤው ስለምዞር እጥፋቱ ላይ ፊደሉ ጠፍቷል፣ ግን በቃሌ ነው የማውቀው። መርከባችሁ ከወደቀች በኋላ ሦስቱን ባልደረቦችሽን በእጅሽ እንደቀበርሽ ጽፈሻል። ፀሐይዋ አንዴ ከወጣች ዘጠኝ ቀን እንደማትጠልቅ፣ ከጠለቀች ደግሞ ዘጠኝ ቀን እንደማትወጣ። ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን ግራጫ ነገር ውሃውን ሦስቴ እየደፋሽ ቀቅለሽ እንደምትበዪው፣ ጣዕሙም የዛገ ሚስማር እንደመላስ እንደሆነ። ወደ መጠለያሽ አየር የሚያመጣው ቧንቧ መጋጠሚያው ላይ እንደሚያፈስ፣ ባጠበቅሽው ቁጥርም እንደሚብስ። መጨረሻው ላይ፣ አባባ ደክሞኛል አልሽ። ከዚያ ወዲህ ዝም።

ስለ ቧንቧው ልንገርሽ። አርባ ዓመት ቧንቧ የሠራሁ ሰው ነኝ፣ እዚያም ቢሆን ቧንቧ ቧንቧ ነው። ስታጠብቂው የሚብሰው ውስጡ ያለው የጎማ ቀለበት፣ ጎሚኒው፣ እየተበላ ስለሆነ ነው። ይህ የኔ ጥፋት ነው። ልጅ ሆነሽ ሥራ ስትከተዪኝ፣ መፍቻውን በሁለት እጅሽ አሲዤሽ አጥብቂ፣ አሁንም አጥብቂ ስልሽ ነው ያደግሽው። ሁሉም ነገር በማጥበቅ የሚድን ይመስለኝ ነበር። አይድንም። መጀመሪያ የመውጫ ልብስሽን ልበሺና ፍቺው፣ ሙሉ በሙሉ ፍቺው። ጎሚኒውን ገልብጪው፣ ያልተበላው ፊቱ ወደ ውስጥ ይሁን። ከጨርቅ ክር መዝዘሽ ጥርሱ ላይ በሚጠብቅበት በኩል ጠምጥሚበት። ከዚያ መፍቻ ሳታነሺ በእጅሽ ብቻ አዙሪው፣ እስኪቆም። ሲቆም በመፍቻ ሩብ ዙር። እሱ ይበቃዋል። ልብስሽን ካወለቅሽ በኋላ ማፍሰሱን ማቆሙን በጆሮሽ አትመኚ፣ ከንፈርሽን አርጥበሽ አስጠጊው። ከንፈር ትንሿንም ነፋስ ያውቃል።

የድካሙን መጠገኛ ግን አላውቅም። እኔም ደክሞኛል። ጠዋት ጫማዬን ላስር ጎንበስ ስል እዚያው መቅረት ያምረኛል። ግን እነሳለሁ፣ ቢሮው መሄድ ስላለብኝ።

የቢሮው ኃላፊ በየወሩ ይጠራኛል። አንድ ወረቀት ፊቴ ያደርጋል፣ ልጄ በሕይወት እንደሌለች ተቀብያለሁ የሚል። የሦስቱ ቤተሰቦች ፈርመዋል፣ እነሱስ ልጆቻቸውን አንቺው ቀብረሻቸዋል። የቀረሁት እኔ ነኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደዚያ በኩል የምታልፍ መርከብ አለች። ስምሽ መዝገብ ላይ ካለ ጎራ ብላ ልትፈልግሽ በሕግ ግድ ነው። ከተሰረዘ ዝም ብላ ታልፋለች። እሱ ሰባት ወር ዝምታ እኮ ነው ይለኛል። ልጄን አያውቋትም አልኩት። በዘጠኝ ዓመቷ የውሃ ማጠራቀሚያው ላይ እንዳትወጣ ብከለክላት አንድ ክረምት ሙሉ አላናገረችኝም፣ ያውም በአንድ ክፍል ውስጥ እየኖርን፣ ጨው አቀብዪኝ ስላት ለእናቷ እየሰጠች። ሰባት ወር ለሷ ምን አላት አልኩት። እንደ መሳቅ እንኳ አላለም። ስሟ አደባባይ ላይ በድንጋይ ይቀረጽላታል አለኝ። ድንጋዩን ለራስዎ ያቆዩት አልኩት። የቢሮዋ ልጅ አፏን ይዛ ወጣች።

ባለፈው ወር ግን ሌላ ነገር ጠየቅኩት። ፈራሚው ባይኖርስ አልኩት። የት ሊሄዱ ነው አለኝ። ሰው አይደለሁ፣ አንድ ቦታ እሄድ ይሆናል አልኩት። እንዲያ ከሆነ ቢሮው ራሱ ይሰርዛታል፣ ሌላ የሥጋ ዘመድ ከወዲሁ በምትክዎ ካልተመዘገበ በቀር አለኝ። የሥጋ ዘመድ ደግሞ የቀረሽ አንድ ነው።

ስለዚህ አጎትሽ ዘንድ ሄድኩ።

እዚህ ላይ ስትደርሺ ማንበብሽን እንደምታቆሚ አውቃለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ስሙ በቤቴ እንዳይነሳ ያልኩት ወንድሜ ነው። እናትሽ በሞተች በሦስተኛው ቀን ሰው ፊት፣ ሐኪም ቤት አዘግይተህ የወሰድካት አንተ ነህ፣ ኩራትህ ነው የገደላት አለኝ። አንቺም ቆመሽ ሰምተሻል። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሳየው ወደ ማዶ እሻገር ነበር። አሁን በሁለት አውቶቡስ ሄድኩ፣ ደረጃው ላይም ሦስት ጊዜ ተቀመጥኩ። በሩን ሲከፍት፣ ያ ጸጉሩን ሲያበጥር የሚውል ሰው አንድ ዘለላ አልቀረለትም። ምን ሆነህ ነው እንዲህ የከሳኸው አለኝ። ደረጃህ ነው አልኩት። ግባ አለኝ። ለጉዳይ ነው የመጣሁት፣ እዚሁ እጨርሳለሁ አልኩት። ኩራትህን ደጅ አስቀምጠውና ግባ፣ ማንም አይሰርቅብህም አለኝ። ገባሁ።

ሁሉንም ነገርኩት፣ ያንቺንም፣ ሐኪሙ ያለኝንም። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ፣ ያኔ ያልኩህን ነገር ብሎ ጀመረ። ልክ ነበርክ አልኩት። ይህችን ቃል ለማውጣት አሥራ አንድ ዓመት ፈጀብኝ፣ ስትወጣ ግን ትንሽ ቃል ናት። ተላቀስን አልልሽም። እሱ አለቀሰ።

በነጋታው አብረን ቢሮው ሄደን ስሙን ከስሜ ሥር አስመዘገበ። ኃላፊው ቀልጠፍ ብሎ እርስዎስ ይፈርሙልናል ወይ አለው። አጎትሽ ሠላሳ ዓመት ጸሐፊ ሆኖ የሠራ ሰው ነው፣ የቢሮን ነገር ያውቅበታል። መነጽሩን አወጣ፣ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበ፣ ከዚያ ሁለተኛው መስመር ላይ ስሕተት አለ፣ ይታረምና ልየው አለ። ሲወጣ ነው የነገረኝ፣ ታርሞ ሲመጣ ሌላ ያገኝበታል። ለሁለት ዓመት የሚበቃ ስሕተት አለበት ይላል። የቢሮዋ ልጅ ይህን ስታነብ እንዳላየች ትሁንልኝ።

ከእንግዲህ ደብዳቤ የሚጽፍልሽ አጎትሽ ነው። የእሱ ጽሕፈት ያምራል፣ ወረቀቱም ይበቃዋል። ስለ እኔ የሚጽፍልሽን ግን ግማሹን ብቻ እመኚው፣ ማጋነን ይወዳል። የቤቱን ቁልፍ ሰጥቼዋለሁ። የመሣሪያ ሳጥኔ ያንቺ ስለሆነ እንዳይነካው ነግሬዋለሁ። መርከቧ ስትመልስሽ በር ላይ ቆሞ የምታገኚው እሱን ነው፣ ጸጉር ስለሌለው እንዳይጠፋብሽ። አትቀየሚው። እንድትቀየሚው ያደረግኩሽ እኔ ነበርኩ።

ፈጣሪ ትንፋሽ አይንሳሽ። የበላሽው ይስማማሽ፣ የረገጥሽው መሬት ይሸከምሽ። ለኔ ከተጻፈው ዕድሜ የተረፈውን ላንቺ ይጨምርልሽ።

ስታነቢው ድምፅሽን ላኪ። ካልቻልሽም ግድ የለም፣ ጎሚኒውን ብቻ ገልብጪው።

በሕይወቴ ከዚህ ሌላ ወረቀት ላይ አልፈርምም፤

አባትሽ