ሚጢ እግሯን ስትልስ

ማክሰኞ

ደም አየሁ። በረንዳው ላይ፣ ሚጢ ከምትተኛበት ጥግ። የፊት እግሯን ከመላሷ ብዛት በጣቶቿ መሃል ያለው ጸጉር አልቆ ቆዳው ቀልቷል። ነጭ የነበረው ጸጉሯም የዛገ ቆርቆሮ መስሏል። ሰሞኑን ስትልስ እያየሁ "ውሻ አይደለች?" ብዬ አልፋት ነበር።

ያየሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። አከራያችን እትዬ አስካለ ከሰዓት ጠሩኝ። አፏ ላይ ለሃጭ አይተዋል። ሳታብድ አትቀርም፣ የልጅ ልጆቼ እዚህ ግቢ ይጫወታሉ፣ እስከ እሁድ ትውጣልኝ አሉ። አልተቆጡም፤ ፈርተዋል። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። እብድ ውሻ አለ ተብሎ በሰፈሩ ከተወራ ደግሞ መርዝ የሚያስቀምጥ አይጠፋም።

ለአባባ ነገርኳቸው።

"እሷ ከወጣች እኔም ጊምቢቹ እመለሳለሁ" አሉ።

ይህን አልጠበቅኩም። እናቴ ካረፈች በኋላ አባባን ወደ ሆሳዕና ያመጣኋቸው በስንት ልመና ነው። መጀመሪያ ሰሞን ከክፍላቸው አይወጡም ነበር። የሥራ ባልደረባዬ ሚጢን ስትሰጠኝ ነው "ትንሽ ትንቀሳቀስ" እያሉ እስከ በር፣ ቀጥሎም እስከ አስፋልቱ መሄድ የጀመሩት። በሀዲይኛ ያወሯታል። ጊምቢቹ ያለው ቤት ባዶ ነው። የደም ግፊት መድኃኒታቸውን እንኳን የሚያስታውሳቸው የለም።

ስለዚህ ሚጢ መዳን አለባት። ትድናለችም። የስፖርት አስተማሪ ነኝ፤ ስንት የቆሰለ ጉልበት አይቻለሁ።

ረቡዕ

በባጃጅ እንስሳት ክሊኒክ ሄድን። አባባ ሚጢን በጋቢያቸው ጠቅልለዋታል። ከፊታችን ላም፣ ከኋላችን በግ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። እንዲህ ያለች ትንሽ ውሻ ብዙ ጊዜ እንደማትመጣለት ሳይደብቅ ነገረን። ግን አልቸኮለም። የተነከሰች እንደሆነ፣ ክትባት እንዳላት፣ ምግብና ውሃ እንደምትወስድ፣ ጸባይዋ ተለውጦ እንደሆነ ጠየቀ። ተከትባለች። ያለ አባባ ከግቢ አትወጣም። ሆዷም እንደ ድሮው ነው፣ የሰጧትን ትጠርጋለች። የእብደት ምልክት አላይባትም አለ፤ ሆኖም ጸባይዋ ከተለወጠ ሳንነካካት ወዲያው እንድንጠራው አስጠነቀቀን።

ከዚያ ጣቶቿን አንድ በአንድ ከፍቶ አየ። እሾህ የለም። ቁንጫ የለም። ከቆዳዋ ፍቆ በማይክሮስኮፕ አየ፤ እከክም አይደለም። ቆዳዋ በሆነ ነገር ተቆጥቷል፣ ስትልሰው እርጥብ ሆኖ ሲውል ደግሞ ፈንገስ ገባበት።

"መላሷ ምልክት ነው። የሚያሳክካትን ነገር ፈልጉ" አለኝ። "ቅባቱ ያሽላታል። ምክንያቱ ካልተነሳ ግን ይመለስባታል።"

ሐሙስ

እግሯን ለብ ባለ ውሃ ማጠብ። በጣቶቿ መሃል ሳይቀር ማድረቅ። ቅባቱን መቀባት። እንዳትልሰው አንገቷ ላይ መከለያ ማሰር።

መከለያ የሚሸጥ አላገኘሁም። አሮጌ ባልዲ ቆርጬ፣ ጠርዙን በጨርቅ ጠቅልዬ ሠራሁላት። በሩን እየገጨች ትሄዳለች። አባባ የተሰደቡ ያህል ከፋቸው፣ ቆይተው ግን ሲስቁ ሰማኋቸው። ጎረቤት ሎሚና ጨው እሺበት አለችኝ። በተላጠ ቆዳ ላይ! አመስግኜ ተውኩት።

ምክንያቱን እያሰብኩ ነው። ጭቃው? ሣሩ? አባባ ከገበታ ስር የሚያቀብሏት በርበሬ የነካው ሥጋ? (አቀብዬ አላውቅም አሉ። አየሁ እኮ።)

ቀኑን ሙሉ ዝናብ ስለነበር ሚጢ ከክፍል አልወጣችም። ለምግብ መከለያውን ስፈታላት እግሯን አልነካችም። ገረመኝ።

ዓርብ

ገባኝ።

ጠዋት በረንዳው ላይ እንደወጣች እግሯን እያነሳች መጣል ጀመረች። ልትልስ ብላ መከለያው ሲከለክላት አለቀሰች። አንስቼ ልይዛት ጎንበስ ስል አፍንጫዬን አቃጠለኝ። በረኪና። እትዬ አስካለ ክረምት ከገባ ወዲህ በረንዳውን በየጠዋቱ በበረኪና ያጥባሉ፣ ውሃ ግን አይደግሙበትም። ሚጢ እርጥቡ ላይ ትቆማለች፣ ትተኛለች።

እግሯን አጥቤ አደረቅኩላት። ለሐኪሙ ደውዬ ስነግረው ምክንያቱ እሱ ሳይሆን አይቀርም አለ።

አሁን ይህን ለአከራይ እንዴት ይነግሩታል? አባባ ልብሳቸውን አጣጥፈው አልጋው ላይ ደርድረዋል። ቦርሳውም ከጎኑ ነው። 

ቅዳሜ

ሄድኩ። እትዬ አስካለ ደጃፋቸው ላይ ጎመን ይቀነጥሳሉ። አጠገባቸው ተቀምጬ አብሬያቸው መቀንጠስ ጀመርኩ። ያኔ ነው እጃቸውን ያየሁት። ተሰነጣጥቋል፣ በጣቶቻቸው መሃል ቀልቷል።

ምን ነካዎት ስላቸው ብርዱ ነው አሉ። ድሮ ዱራሜ ሲኖሩ እንዲህ ሆነው እንደማያውቁም ጨመሩ።

"እትዬ፣ የሚጢም እግር እንዲህ ነው" አልኳቸው። "በረኪናው ይመስለኛል።"

የያዙትን ጎመን አስቀምጠው ነገሩኝ። ትንሹ የልጅ ልጃቸው አምና ክረምት ተቅማጥ ይዞት ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። እኔ ይህን አላውቅም ነበር።

"ያን ልጅ አቅፌ ያደርኩትን አትጠይቂኝ" አሉ። "ቤቱን ባላጥብ እንቅልፍ አይወስደኝም።"

ማጠቡን ይተዉ አላልኳቸውም። ስልኬን አውጥቼ ከሐኪሙ ጋር አገናኘኋቸው። ስለ እብደቱ ደጋግመው ጠየቁት፤ እሱም ሳይሰለች መለሰላቸው። በመጨረሻ ተስማማን። በረንዳው በሳሙናና በውሃ፣ በረኪናው ለሽንት ቤት ብቻ፣ እሱም በጓንት። ሚጢ ሐኪሙ ረቡዕ እንደገና እስኪያያት ትቆያለች፤ እስከዚያ ልጆቹ አጠገብ አትደርስም።

ተመልሼ ለአባባ ነገርኳቸው። ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ልብሱ ግን እንደተደረደረ አደረ።

እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በረንዳው ሳሙና ሳሙና ይሸታል። እትዬ አስካለ እጃቸውን ቫዝሊን ተቀብተው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። አባባ ወንበር አወጡና ትንሽ ራቅ ብለው ተቀመጡ። ስለ ዘንድሮ እንሰት በአማርኛ ሲያወሩ ቆዩ። ሚጢ ከነባልዲዋ ከአባባ እግር ስር ተኛች።

ረቡዕ

ሐኪሙ ተደስቷል። ቅላቱ ቀንሷል፣ ቁስሉ ደርቋል። ቅባቱ ይቀጥላል፣ መከለያውም ለጊዜው አይወልቅም። ትናንት ማታ ፈትቼላት ትንሽ እንደላሰች ነገርኩት። ልማድ ሊሆን ይችላል፣ ሣርም ሊሆን ይችላል፣ ክረምቱ እስኪያልፍ እያየን እንሄዳለን አለ። እሺ። እናያለን። እትዬ አስካለ ውጤቱን በስልክ ስነግራቸው "በሉ ትኑር" አሉ።

ከክሊኒኩ ስንመለስ አባባ ባጃጁን መናኸሪያው አጠገብ አስቆሙት። ጫማ መሸጫ ገብተው የዝናብ ቦቲ ጠየቁ። ሻጩ በልካቸው ሲሰጣቸው ተለቅ ያለውን መረጡ።

"ይሰፋዎታል እኮ" አልኳቸው።

"ወፍራም ካልሲ ይገባበታል" አሉ። "ክረምቱ ገና ነው፣ ሚጢም መንቀሳቀስ አለባት።"