ወንድምሽ የሰበረው ስክሪን

ልጄ፣ አንቺም ልጆችሽም እንደምን ከረማችሁ? በመጀመሪያ ይህን ተረጂልኝ፤ አክስትሽ ደውላ የነገረችሽ፣ አልትራሳውንድ ክፍሉ ወለል ላይ የፈሰሰው ደም የወንድምሽ እንጂ የእኔ አይደለም።

ሐኪሟ መሣሪያውን ሆዴ ላይ እያንሸራተተች፣ ከጉበት ደም የሚያወጡት ሦስቱም ደም ሥሮች መዘጋታቸውን በስክሪኑ አሳየችን። ደሙ አሁን የሚወጣው በጎን በተፈጠሩ ቀጫጭን፣ ጠማማ ሥሮች ዞሮ ነው።

«ታዲያ መውጫ ካገኘ ምን ችግር አለው?» አላት ወንድምሽ።

«አይበቃውም» አለችው።

«ውሸታም!» ብሎ ስክሪኑን በቡጢ ሰነጠቀው። ጥበቃዎቹ ተረባርበው ሁለት ጥርሱን አራገፉለት። እሱም ከእጁ ደም እየተንዠቀዠቀ የአንዱን ጉሮሮ አንቆ ያዘ። እኔ ለምርመራው ሆዴ ላይ የቀባችኝን ቅባት እንኳ ሳልጠርግ መሃላቸው ገባሁ።

«አባባ፣ ዞር በል፣ ልግደለው!»

«ልቀቀው!» አልኩት፤ ለቀቀው። ከዚያ ያን የሚያክል ጎረምሳ እንደ ተማሪ ጆሮውን ይዤ አወጣሁት፤ ወረፋ የሚጠብቀው ሕመምተኛ ሁሉ ሳቀብን።

እጁ ተሰፍቷል፤ ሐኪሟም እግዜር ይስጣት፣ አልከሰሰችውም። ከእኔ ሌላ በዚህ ዓለም የሚሰማው አንቺን ብቻ ነው። ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ መቼ እንደምትመጪም ዛሬ ነገ ሳትዪ ጻፊልኝ።

አባትሽ