ጌጃ ሰፈር የተበየደች ጀልባ

የካቲት 3
ሁለት የመስኮት ፍርግርግ ጨረስን። መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ደግሞ ሄደ። ከሰዓት አምሳሉ እየሳቀ ገባ... የብየዳ ቤቱ ሸሪኬ ነው፤ እንዲህ የሚስቀው ሳያማክረኝ ሥራ ሲቀበል ነው።
"ቤዛ፣ ጀልባ ልንሠራ ነው። ዝዋይ ላለ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር። ሐይቁንና ወደቡን የሚጠብቁበት።"
ጀልባ? ልደታ ውስጥ? ከግቢ በርና ከውሃ ታንከር ሌላ ምን እናውቃለን?

የካቲት 17
ሰፈሩ በሙሉ ኖኅ ይለኛል። ይበሉ። ቅርጿ ወጥቷል፣ ታምራለች።

የካቲት 21
የማኅበሩ ጥበቃ ጀይላን ሊያያት መጣ። በሕገወጥ መረብ የሚያሰግሩትን የሚያባርረው እሱ ነው። ዞራት፣ ጎኗን ዳበሰ። ሊሄድ ሲል ለብቻዬ ጠጋ ብሎ፣ "እህቴ፣ እኔ ዋና አልችልም። ጓደኞቼም ይህን አያውቁም" አለኝ።
እራት አልበላልኝ አለ።

የካቲት 26
ጎረቤቴ ጋሽ ወልደ ሚካኤል ብቅ አሉ። በወጣትነታቸው ምጽዋ፣ የወደብ ጥበቃ ጀልባ ላይ ነበሩ።
"በምን ልትፈትሻት ነው?"
"ውሃ ልንሞላባት ነበር ጋሼ... ግን የውሃ ፈረቃችን አልደረሰም።"
"ተይው። የብየዳውን ስፌት ከውጭ ኖራ ቀቢው፣ ከውስጥ ነጭ ጋዝ አፍስሺበት። ቀዳዳ ካለ ኖራው ይጠቁራል።"
አደረግን። ነጭ ሆኖ ቆየ... ቆየ... ከዚያ ከጀልባዋ አፍንጫ ሥር ክር የመሰለ ጥቁር መስመር ወጣ። የኔ ብየዳ።
አምሳሉ፣ "ስቱኮ መትተን እንቀባዋለን። ርክክቡ ደርሷል፣ ማን ያየዋል?"
"ውሃው ያየዋል" አልኩት። ተኮራረፍን።

የካቲት 28
ጋዙን ጠራርጌ፣ ስፌቱን ቆርጬ አውጥቼ እንደገና በየድኩ። ኖራ። ነጭ ጋዝ። ምሳ ሳንበላ ቆመን ጠበቅን... ነጭ! አምሳሉ ኩርፊያውን ረስቶ ግንባሬን ሳመኝ። ማኅበሩ ርክክቡን በአራት ቀን አራዘመልን፤ ሰማይ አልተደፋም።

መጋቢት 4፣ ዝዋይ
አይሱዙ ላይ ጭነን መጣን። ጋሽ ወልደ ሚካኤልም ካልሄድኩ ብለው ጋቢና ተቀምጠው። ወደቡ ላይ ሰው ግጥም ብሏል። ጀልባዋ ውሃው ላይ ስትወርድ ዐይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ቆማለች፣ ቀጥ ብላ።
ጀይላን ብቻውን ገባ። ሞተሩ ተነሣ፣ ራቀ... ሕገወጦቹን ሊያስፈራራ ይሁን ጀልባዋን ሊሞክር እንጃ፣ ወደ ሸምበቆው ዞረ። ሁለት ሕገወጥ አስጋሪዎች በታንኳ ፈርጥጠው ወጡ። ዞሮ መንገዳቸውን ዘጋባቸው። መረባቸውን ጭኖ፣ እነሱን ከፊቱ አስቀድሞ ሲመለስ ሴቶቹ እልል አሉ። ጋሽ ወልደ ሚካኤል ቀጥ ብለው ቆመው ሰላምታ ሰጡ፣ እንደ ወታደር።
ጀይላን ወረደ። ጫማውን አወለቀ፣ ካልሲውን ከፍ አድርጎ አሳየኝ። ደረቅ። ከዚያ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ፣ ጮክ ብሎ፣ "እኔ እኮ ዋና አልችልም" አላቸው። በሳቅ አለቁ፤ እሱም አብሯቸው ሳቀ።
የሠራኋት እኔ ነኝ። አለቀስኩ፣ አላፈርኩም።